ቤተሰብና ኅብረተሰብ በሮማኒያ ፊልሞችና የቴሌቪዥን ድራማዎች

ሮማኒያ በዓለም የፊልም መድረክ ዛሬ ያላትን ስም ያገኘችው በአብዛኛው ከ2000 ወዲህ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን ያስገኙላትም በጀታቸው አነስተኛ የሆነና ታሪካቸው በአንድ ቤተሰብ ዙሪያ የሚያጠነጥን ፊልሞች ናቸው። የቡካሬስት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ ጠባብ ወጥ ቤት፣ የሆስፒታል ኮሪደርና የፖሊስ ጣቢያ ዋነኛ መቼቶቻቸው ሆነዋል። መንግሥት በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ እምብዛም በአካል አይታይም፤ የሕጉ፣ የእጥረቱና የጉቦው ጫና ግን በባልና ሚስት ወይም በእናትና ልጅ ንግግር ውስጥ ሁልጊዜ ይሰማል።

በቡካሬስት የመጀመሪያው የፊልም ትርኢት የታየው በ1896 ሲሆን፣ አገሪቱ ስለ ነጻነት ጦርነቷ የሚተርከውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟን በ1912 አየች። የፊልም ሥራው በ1948 በኮሙኒስቱ መንግሥት ተወርሶ ከዋና ከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው በቡፍቴያ ትልቅ ስቱዲዮ ተቋቋመ። በዚህ ዘመን ሊቪዩ ቹሌይ በ1965 በፈረንሳዩ የካን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ አዘጋጅነትን ሽልማት ወሰደ። ሉቺያን ፒንቲሊዬ ደግሞ በ1968፣ ሰክረው የተደባደቡ ሁለት ወጣቶች ድርጊቱን ለማስተማሪያ ፊልም ደግመው እንዲፈጽሙ በባለሥልጣናት ሲገደዱ የሚያሳይ ፊልም ሠርቶ፣ ለእይታ በበቃ ብዙም ሳይቆይ ከሲኒማ ቤቶች ተነሣበት። ፊልሙ እስካሁን ከሮማኒያ ምርጥ ፊልሞች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል፤ የሚገባውም ነው።

ከሶሻሊስቱ ዘመን የቤተሰብ ፊልሞች ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው በ1987 ስቴሬ ጉሌያ ከማሪን ፕሬዳ ልብ ወለድ የሠራው ባለ ጥቁርና ነጩ «የሞሮሜቴ ቤተሰብ» ነው። ታሪኩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በዳኑብ ሜዳ በሚገኝ መንደር ይፈጸማል። ቪክቶር ሬበንጁክ የሚጫወተው ኢሊዬ ሞሮሜቴ ግብርና ዕዳ ከፍሎ መሬቱን ሳይቆርስ ለልጆቹ ለማቆየት የሚታገል፣ አንደበቱ ስል የሆነ ገበሬ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ የዚህ ቤት መከፋፈል ገና በእራት ሰዓት አቀማመጥ ይታወቃል፦ አባት ከሁሉም ከፍ ብሎ ደፉ ላይ ይቀመጣል፣ የሁለተኛዋ ሚስት ልጆች ምድጃው አጠገብ እናታቸውን ተጠግተው ይበላሉ፣ ከመጀመሪያዋ ሚስት የተወለዱት ሦስት ጎረምሶች ደግሞ በየትኛውም ሰዓት ተነሥተው ሊሄዱ የተዘጋጁ ይመስል በስተውጭ በኩል ናቸው። በመጨረሻም ጥለው ወደ ቡካሬስት ይኮበልላሉ። ጉሌያ የቤተሰቡን ታሪክ በ2018 እና በ2024 በወጡ ሁለት ተከታይ ፊልሞች ቀጥሎበታል።

ኮሙኒስቱን አገዛዝ ከጣለው ከ1989ኙ አብዮት በኋላ የነበሩት አሥር ዓመታት የገንዘብ ችግርና የሲኒማ ቤቶች መዘጋት ዘመን ነበሩ፤ በ2000 አንድም አዲስ የሮማኒያ ረጅም ፊልም ለእይታ እንዳልበቃ በተደጋጋሚ ይነገራል።

ብዙዎች «አዲሱ ማዕበል» የሚሉት ዘመን ከክሪስቲ ፑዩ የ2001 የመጀመሪያ ፊልም እንደሚጀምር በሰፊው ይታመናል። ማዕበል የሚባል ነገር መኖሩ ግን ራሱ አከራካሪ ሳይሆን አይቀርም፤ አዘጋጆቹ የጋራ መግለጫ አውጥተው አያውቁም፣ አንዳንዶቹም ስያሜውን አይወዱትም። የሚያመሳስላቸው ረጅም ሳይቆረጥ የሚቀረጽ ትዕይንት፣ ከውጭ የማይጨመር ሙዚቃና በአንድ ሌሊት ወይም በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ታሪክ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

የፑዩ «የአቶ ላዛሬስኩ ሞት» (2005) ከሦስት ድመቶች ጋር ብቻውን የሚኖር ባለትዳሩን በሞት ያጣ ጡረተኛ ራሱንና ሆዱን አሞት አምቡላንስ ሲጠራ ይጀምራል። ሐኪሞቹ መጠጥ መጠጥ መሽተቱን እያዩ ይቆጡታል፤ የአምቡላንሷ ነርስ በአንድ ሌሊት ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዛው ትዞራለች። ልጁ ካናዳ፣ እኅቱ ሌላ ከተማ ናቸው፤ ዘመድ አለው የሚባለው በስልክ ነው። ለፊልሙ መነሻ የሆነው በ1997 የደረሰ እውነተኛ ድርጊት ነበር፦ በርካታ ሆስፒታሎች አልቀበልም ያሉት በሽተኛ መንገድ ላይ ተጥሎ ሞቷል።

በ2007 ክሪስቲያን ሙንጂዩ «4 ወር፣ 3 ሳምንት እና 2 ቀን» በተሰኘው ፊልሙ ለሮማኒያ የካን ፌስቲቫል ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን ፓልም ዶር በረጅም ፊልም ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አመጣ። ይህን ታላቅ ሽልማት ያስገኘው ፊልም በ600,000 ዩሮ ገደማ የተሠራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ታሪኩ የሚገባው የኮሙኒስቱ መሪ የኒኮላይ ቻውሼስኩ መንግሥት በ1966 ያወጣው 770ኛው ድንጋጌ ሲታወስ ነው። ድንጋጌው ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ጽንስ ማቋረጥን የከለከለ ሲሆን፣ አገዛዙ እስከወደቀበት እስከ 1989 መጨረሻ ጸንቶ በቆየበት ጊዜ በድብቅ በተደረገ ውርጃ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በፊልሙ ውስጥ በ1987 ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆቴል ተከራይተው ሕገ ወጥ ውርጃ የሚፈጽም ሰው ይጠራሉ። ከሁሉም ትዕይንቶች የሚበልጠው ግን ከሆቴሉ ውጭ ያለው ነው፦ ከተማሪዎቹ አንዷ ኦቲሊያ ጓደኛዋን ብቻዋን ትታ ወደ ፍቅረኛዋ እናት የልደት ግብዣ ትሄዳለች፤ ካሜራው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ፣ እንግዶቹ ስለ ምግብ አሠራርና ስለ ዛሬ ወጣቶች አስተዳደግ ሲያወሩ የእርሷን ዝም ያለ ፊት ደቂቃዎችን ቆጥሮ ያሳያል።

ጠረጴዛ በሮማኒያ ፊልም ከዚህ በላይ የተሠራበት በፑዩ «ሲየራኔቫዳ» (2016) ነው። አባት ከሞተ አርባ ቀኑ ሆኖ ዘመድ በአንድ አፓርታማ ተሰብስቧል፤ ኦርቶዶክሶች እንደመሆናቸው ካህን መጥቶ ሳይጸልይ ማዕድ አይቀመጥም። ካህኑ ይዘገያል፣ ጥቅል ጎመኑ ይጠብቃል፣ የራበው ዘመድ በሮችን እየከፈተና እየዘጋ ስለ ኮሙኒዝም ዘመን፣ ስለ ትዳር ክህደትና ስለ ሽብር ጥቃት ይከራከራል። በልማዱ መሠረት የሟችን ሙሉ ልብስ አንድ ወጣት ዘመድ መልበስ ሲኖርበት ልብሱ ከልኩ በላይ ሰፋበት። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ይህን ፊልም የአርባ ተዝካር ባለበት ቤት ያደገ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ያለ ማብራሪያ ይከታተለዋል።

የወላጅ ፍቅር ወደ ሙስና የሚሸጋገርበት መንገድም ተደጋግሞ የተነሣ ጉዳይ ነው። በ2013 የበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን ወርቃማ ድብ የተሸለመው የካሊን ፔተር ኔትዘር ፊልም፣ ልጇ በመኪና አንድ ታዳጊ ገጭቶ የገደለባት ሀብታም እናት በትውውቅና በገንዘብ ከእስር ልታድነው ስትሯሯጥ ያሳያል፤ ሉሚኒጻ ጌዮርጊዩ በዚህ ሚና የደረሰችበት ደረጃ ወደር የለውም። የሙንጂዩ «ባካሎሬያት» (2016) ደግሞ ልጁ የመልቀቂያ ፈተናዋን አልፋ ወደ ብሪታንያ እንድትሄድለት ሲል መርሁን የሚሸጥ ሐኪም ታሪክ ነው። የስደቱ ሌላ ገጽ በፍሎሪን ሼርባን የ2010 ፊልም ይታያል፤ ለዓመታት ጣሊያን የቆየች እናት ታናሹን ልጇን ልትወስድ ስትመጣ፣ በወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ቤት ያለው ታላቅየው ሕፃኑን ያሳደግሁት እኔ ነኝ ብሎ ይነሣባታል።

እነዚህ ፊልሞች ለውጭ ዳኞች የተሠሩ ናቸው የሚለው ወቀሳ ሚዛን የሚደፋ አይደለም። አገር ውስጥ ተመልካቻቸው ማነሱ እውነት ቢሆንም ዋናው ምክንያት የሲኒማ ቤት እጦት ነበር፤ ሙንጂዩ በ2007 ተንቀሳቃሽ ማሳያ አደራጅቶ ተሸላሚ ፊልሙን ሲኒማ ቤት በሌላቸው ከተሞች እየዞረ ማሳየቱ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1956 የመጨረሻ ቀን ሲሆን፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ በቁጠባ ስም ስርጭቱ በአዘቦት ቀን ወደ ሁለት ሰዓት ወርዶ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የላቲን አሜሪካ ተከታታይ ድራማዎች አገሩን አጥለቀለቁት፤ የግሎቹ ጣቢያዎችም ከ2004 ጀምሮ በዚያው መልክ የአገር ውስጥ ሥራ ማምረት ያዙ። ከእነዚህ መካከል በ2007 የጀመረው ሮማ (ጂፕሲ) ስለሚባለው አናሳ ሕዝብ ቤተሰቦች የሚተርከው ድራማ ብዙ ተመልካች ያገኘ ሲሆን፣ የሮማን ሕዝብ አሣሣሉ ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር አልተቋጨም። ኢትዮጵያውያን በቃና ቴሌቪዥን የተዋወቋቸው የቱርክ ድራማዎችም በሮማኒያ ጽኑ ተከታታዮች አሏቸው።

ከአገር ውስጥ ሥራዎች በዕድሜ የጸናው ከ2012 ጀምሮ በግሉ ጣቢያ በፕሮ ቲቪ የሚታየው የገጠር መንደር ኮሜዲ «ላስ ፊየርቢንጺ» ነው። ተቺዎች የፌስቲቫሉን ፊልምና የቴሌቪዥኑን ድራማ እንደ ሁለት ዓለም ለያይተው ቢጽፉም፣ የዚህ ኮሜዲ ደራሲ ሚሚ ብራኔስኩ በ«ሲየራኔቫዳ» የሟቹን ልጅ ላሪን፣ በራዱ ሙንቴያን «ማክሰኞ፣ ከገና በኋላ» (2010) ደግሞ ሚስቱን የሚከዳውን ባል የተጫወተው ተዋናይ ነው።