የጀግና ድርሻ ምንድን ነው?

በጥንት ጋውሎች ድግስ ላይ ምርጡ ሥጋ ታፋው ነበር። ታፋው ደግሞ እንዲሁ ለተገኘው ሰው አይታደልም። ከተሰበሰቡት ሁሉ በጉብዝና አንደኛ የተባለው ያነሳዋል። ሌላው “የሚገባው ለእኔ ነው” ካለ ሁለቱ ይጋጠማሉ፤ ያውም አንዱ እስኪሞት። የጀግና ድርሻ የሚባለው ይህ ሥጋ ነው።

ጋውሎች በዛሬዎቹ ፈረንሳይና ቤልጅየም አካባቢ የኖሩ የኬልት ሕዝቦች ናቸው። ስለ ማዕዳቸው ብዙውን የነገረን የግሪኩ ፈላስፋ ፖሲዶኒየስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ደቡብ ጋውልን ተዘዋውሮ አይቷል። መጽሐፉ ጠፍቷል። ደግነቱ አቴናዮስ የተባለ ጸሐፊ ከዘመናት በኋላ ረጅም ረጅም ክፍሎችን ጠቅሶ አትርፎልናል። የታፋውን ጠብ ግን ፖሲዶኒየስ ራሱ “ድሮ እንዲህ ነበር” እያለ ነው የሚያወራው። እሱ በደረሰበት ጊዜ የነበረው ድግስ ሌላ ሥርዓት ነበረው፤ ለእኔ ከጠቡ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ሥርዓት ነው።

እንግዶቹ ደረቅ ሣር ላይ፣ ዝቅ ባለ የእንጨት ገበታ ዙሪያ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። መሀል ላይ የሚቀመጠው በጦር ሜዳ ወይም በዘር ወይም በሀብት የሚበልጠው ሰው ነው። ከጎኑ ጋባዡ አለ። ሌሎቹ እንደየማዕረጋቸው ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ። ጋሻ ጃግሬዎቹ ከጌቶቻቸው ጀርባ ይቆማሉ፤ ጦር ያዦቹ ደግሞ ፊት ለፊት በራሳቸው ክብ ተቀምጠው እንደ ጌቶቻቸው ይበላሉ። የገባ ሰው ማን ከማን እንደሚበልጥ ሳይጠይቅ ያውቃል። ማዕዱ ራሱ የሥልጣን መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል።

ምግቡ ጥቂት ዳቦና ብዙ ሥጋ ነው፤ የተቀቀለ፣ ፍም ላይ ወይም በዘንግ ተሰክቶ የተጠበሰ። ሙሉውን ብልት በሁለት እጃቸው አንስተው ይግጣሉ። ሥጋው አልገነጠል ካለ በትንሽ ቢላዋ ይቆርጡታል። ሆኖም ፖሲዶኒየስ አበላላቸው ንጹሕ ነው ይላል። ወንዝና ባሕር ዳር ያሉት ዓሣ በጨው፣ በሆምጣጤና በከሙን ይጠብሳሉ። የወይራ ዘይት አይወዱም፤ አገራቸው እምብዛም ስለማይገኝ አለመዱትም።

ይህ የድግስ ቀን ነው። የዘወትሩ ጉርሻ ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላ መሰል ጥቃቅን እህል፣ ምስርና ባቄላ ነበር። ሥጋም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጫካ አሳማ አይደለም። በመንደሮቻቸው ከተቆፈረው አጥንት የአደን እንስሳ ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። የሚበሉት ያረቡትን አሳማ፣ በሬና በግ ነው፤ ፈረስና ውሻም ጭምር። አሳማውን በጨው ማቆየት በደንብ ያውቁበታል። የጋውል ጨው ሥጋ ሮም ድረስ ይሸጥ እንደነበር የግሪኩ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ ጽፏል።

መጠጥም ሰውን ይለያል። ሀብታሞቹ ከጣልያን ወይም ከማሳልያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ማርሴይ አካባቢ፣ የመጣ ወይን ብዙ ጊዜ ውኃ ሳይቀላቅሉ ይጠጣሉ። ዝቅ ያሉት ከስንዴ የተጠመቀ፣ ማር የገባበት ጠላ አላቸው። ተራው ሕዝብ ማር የሌለውን ይጠጣል፤ በእነሱ ቋንቋ ስሙ ኮርማ ነው። ጽዋው አንድ ነው፤ አሳላፊው ያዞረዋል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ጉንጭ አያልፉም፤ ግን ቶሎ ቶሎ ይደጋግሙታል። የጠላው አረፋም አይጣልም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚለው ለዳቦ እርሾ ያደርጉት ስለነበር ዳቧቸው ከሌላው አገር ይልቅ ቀለል ያለ ነበር። ወይኑ ግን ከባድ ዋጋ ነበረው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ እንደጻፈው የጣልያን ነጋዴ አንድ እንስራ ወይን ሰጥቶ አንድ ባሪያ ይቀበል ነበር። ያ ባሪያ ሰው መሆኑን ሳልረሳ ይህን ማለፍ አልችልም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? መልሱ ሉዌርኒዮስ ላይ በደንብ ይታያል። ከጋውሎች አንዱ የሆነው የአርቬርኒ ሕዝብ ንጉሥ ነበር፤ ግዛቱ ዛሬ ኦቨርኝ የሚባለው የፈረንሳይ ክፍል ነው። የሕዝቡን ልብ ለመግዛት በሠረገላ እየሄደ ወርቅና ብር ይበትን ነበር። አራት ማዕዘን ቦታ አሳጥሮ ገንዳዎችን ውድ መጠጥ ሞላ። የፈለገ ሁሉ ለብዙ ቀናት ገብቶ እንዲበላም ግብር አበላ። አንድ ገጣሚ ድግሱ ካለቀ በኋላ ደረሰና የንጉሡን ታላቅነትና የራሱን መዘግየት በግጥም አዜመ። ንጉሡ ደስ ብሎት ከረጢት ወርቅ ወረወረለት። ገጣሚውም አንስቶ፣ የሠረገላህ ዱካ ለሰው ወርቅ ያበቅላል ብሎ መለሰ።

የሉዌርኒዮስ ልጅ ቢቱይቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ121 በሮማውያን ተሸነፈ። ድግሱ ግን በአርቬርኒ ምድር አልቆመም። ኮረንት በሚባለው ኮረብታ ላይ አርኪዮሎጂስቶች ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ያገለገለ የመቅደስ ግቢ አግኝተዋል። በውስጡ በብዛት የወጣው የእርድ አጥንትና የጣልያን ወይን እንስራ ስብርባሪ ነው።