የከፍታ ሐይቅ ምንድን ነው?

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ስንሄድ «ወረድን» እንላለን፤ እውነትም እንወርዳለን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ጣና የተኛው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለእኛ ታች ያለ ውኃ ነው። ለጅቡቲ ሰው ግን ጣና ተራራ ላይ የወጣ ሐይቅ ነው። ለዚህም ነው «ከዚህ ሜትር ጀምሮ የከፍታ ሐይቅ ይባላል» የሚል ዓለም ሁሉ የተስማማበት ወሰን የሌለው። እኔ የሚቀናኝ በራሳችን መለኪያ ማሰብ ነው፦ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ዛፉ አልቆ ጅብራ ብቻውን የሚቆምበት፣ ሌሊት መሬቱ የሚነጣበት ውርጭ ውስጥና ከዚያም በላይ የተጠራቀመ ውኃ ሲገኝ፣ የከፍታ ሐይቅ ብለን ብንጠራው አንሳሳትም።

ታዲያ ስሜን ይህን ያህል ከፍ ብሎ ሳለ ጣናን የመሰለ ሐይቅ ለምን የለውም? ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ነው። ቁመት ብቻውን ግን ሐይቅ አይሠራም፤ ውኃው የሚያርፍበት ጎድጓዳ ያስፈልጋል። የስሜን ዝናብ ገደሉን ይዞ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ጎድጓዳውን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በረዶና እሳት ናቸው። ባሌ ተራሮች ላይ 3,950 ሜትር ገደማ የሚገኘው ጋርባ ጉራቻ የበረዶ ሥራ ነው፤ በጥንቱ የብርድ ዘመን ከተራራው የተንሸራተተ የበረዶ ግግር ቋጥኙን ፍቆ የተወው ጉድጓድ በውኃ ሞላ።

የእሳቱ ሥራ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይወጣል። በቺሌና በአርጀንቲና ድንበር ላይ ኦሆስ ዴል ሳላዶ የሚባል 6,893 ሜትር የሚደርስ እሳተ ገሞራ አለ። በአርጀንቲና በኩል፣ 6,390 ሜትር አካባቢ ላይ፣ 100 ሜትር ያህል ስፋት ያላት ውኃ ተኝታለች። ከዓለም የመጨረሻ ከፍታ ላይ ያለች ሐይቅ የምትባለው እሷ ናት። ከራስ ዳሸን በላይ ያላት ርቀት ጣና ከባሕር በላይ ያለውን ርቀት ያህል ነው! ትንሽ ስለሆነች «ይህቺ ኩሬ ናት እንጂ ሐይቅ አይደለችም» የሚል ቢመጣ አልከራከርም። አየሩ እዚያ በጣም ስለሚሳሳ ውኃ 80 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይፈላል። ጎንደር ላይ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። እዚያ ላይ የባቄላ ንፍሮ የሚጥድ ሰው ምን ያህል እንደሚጠብቅ አስቡት።

እኔን ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚገርመኝ ቲቲካካ ነው። በፔሩና በቦሊቪያ መካከል 3,812 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከስሜኑ የጨነቅ ሰፈር በላይ ማለት ነው። ዋልያ ከሚውልበት ከዚያ ከፍታ ላይ ጣናን ከእጥፍ በላይ የሚበልጥ ውኃ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ስፋቱ 8,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን ቲቲካካ 280 ሜትር ይደርሳል። ብዙ ወንዞች ይገቡበታል፤ የሚወጣው ዴሳጓዴሮ ግን ጥቂቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል፣ አብዛኛውን የከፍታው ፀሐይና ነፋስ ወደ አየር ያነሡታል። መውጫ ወንዝ ጭራሽ በሌለበት ደግሞ ውኃው ሲተን ጨው እየቀረ ይከማቻል፤ ቲቤት ውስጥ 4,718 ሜትር ላይ ያለው ናምጾ ጨዋማ የሆነው ለዚህ ነው። ክረምታቸው ሲገባ ናምጾ በበረዶ ይሸፈናል። በረዶ ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ውኃም ከሁሉም የሚከብደው 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ሳይረጋ ሕይወቱን ይዞ ይከርማል።

ቲቲካካ ዳር የሚኖሩት አይማራዎች ቶቶራ የሚባል ሸምበቆ አስረው ጀልባ ይሠራሉ። የጣና ሰው ታንኳውን ከደንገል እንደሚሠራው ማለት ነው። ሁለቱ ሐይቆች አንድ ጊዜ ተገናኝተዋል። በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970) ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል ከኢትዮጵያ የተወሰደ ደንገል ሞሮኮ ላይ ለቲቲካካ ጀልባ ሠሪዎች ሰጣቸው። እነሱም እንደ አገራቸው ልማድ አሰሩት። ጀልባዋ ከሳፊ ወደብ ተነሥታ አትላንቲክን በ57 ቀን አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች።