ቴምፕሌት ምንድን ነው? ስም ተቀይሮበት የተላከ የድሮ ውል ግን አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ፒዲኤፉን ወደ ዎርድ ቀይረው፣ ስሙን አጥፋው፣ ሴቭ አዝ ቴምፕሌት በለው፣ አለቀ» እያለ ሲያስተምር አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ኧረ አላለቀም ወንድሜ፣ መች ተጀመረና!

እዚህ ባህር ዳር ፔዳ በር አካባቢ ያሉት ፎቶኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ዴስክቶፑ ሙሉ «የኪራይ ውል አዲስ የመጨረሻ 2» የሚል ፋይል ነው፣ ደንበኛ ሲመጣ ያለፈው ተከራይ ስም ይጠፋና የአዲሱ ይገባል፣ ይቺን ነው እንግዲህ ቴምፕሌት የሚሏት። ይሄ እኮ ልብስ ሰፊ ፓተርን (ጨርቅ የሚቆርጥበት ልክ) ሳይኖረው የአንድ ሰውዬን ኮት ለመጣው ሁሉ እያጠበበና እያሰፋ ሲሰጥ ማለት ነው። እጅጌው ይረዝማል፣ ስፌቱ በተፈታ ቁጥር ጨርቁ ይሳሳል፣ ኪሱ ውስጥ ደግሞ የድሮው ባለቤት ደረሰኝ ይገኛል። የደረሰኙን ነገር ለቀልድ አላመጣሁትም፦ ፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ኦተር (ጸሐፊ) የሚለው ላይ የመጀመሪያው ጸሐፊ ስም ቁጭ ብሎ ሊገኝ ይችላል፣ ትራክ ቼንጅስ (የተለወጠውን ሁሉ የሚመዘግበው) በርቶ ከነበረና ለውጡ አክሰፕት ካልተደረገ (ካልጸደቀ) ደግሞ የተሰረዘው የኪራይ ዋጋ ሳይቀር እዛው አለ።

ቴምፕሌት ፓተርኑ ነው። ዶትኤክስ (.dotx፣ የዎርድ ቴምፕሌት) ፋይልን ደብል ክሊክ ስታደርጉት ስም የሌለው አዲስ ዶክመንት ቆርጦ ይሰጣችኋል፣ ዋናው አይነካም። የተራውን ዎርድ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ዶክኤክስ (.docx) የሚለውን በእጅ ዶትኤክስ ብላችሁ ብትጽፉበት ግን ዎርድ አልከፍትም ይላችኋል፣ ምክንያቱም ፋይሉ በውስጡ ዚፕ (ብዙ ፋይል አንድ ላይ የታሸገበት) ነው፣ እዛ ውስጥ ምን ዓይነት ፋይል እንደሆነ ተጽፏል። ሴቭ አዝ ይሄንን ያስተካክላል፣ የሚያስተካክለው ግን ይሄንኑ ብቻ ነው።

ወደ ፒዲኤፉ ስንመለስ፣ ፒዲኤፍ ታግ ካልተደረገ (የቱ ርዕስ የቱ አንቀጽ እንደሆነ ምልክት ካልገባበት) በቀር አንቀጽ የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያውቀው የትኛው ፊደል ገጹ ላይ የት እንደሚቀመጥ ነው። ወደ ዎርድ የሚቀይረው ኮንቨርተር እንግዲህ ይገምታል። ዎርድ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8ን አንድ ላይ ተጫኑ፣ የተደበቁት ምልክቶች ይወጣሉና ጉዱን እዩት፦ በየመስመሩ ጫፍ ኤንተር፣ ርዕሱ ቴክስት ቦክስ ውስጥ ታስሮ፣ የፊርማው ቦታ በስፔስ ተገፍቶ። አንድ ቃል ስትጨምሩ ሁሉም ይፈርሳል። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፉን ከነፎርማቱ አራግፎ በዎርድ ስታይሎች ርዕሱን ሄዲንግ 1፣ ዝርዝሩን ኖርማል ማድረግ፣ ስምና ቀን የሚገባበት ቦታ ላይ ኮንቴንት ኮንትሮል (የሚሞላ ሳጥን) ማስገባት። ሄዲንግ ካለ ማውጫው ራሱ ይወጣል፣ የተመራቂ ቴሲስ ላይ ነጥብ በእጅ እየደረደራችሁ የምታመሹ ሰዎች፣ ለእናንተም ነው የምለው!

«ለአንድ ገጽ ውል ይሄ ሁሉ ጣጣ?» ለሚለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የምትጽፈው ከሆነ እውነትህን ነው፣ ተወው።

ሳልጠየቅ ደግሞ ይቺን ልጨምር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ላይ ዓይናችሁ አማርኛ ያያል እንጂ ከሥሩ ያለው የላቲን ኮድ ነው። ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ኒያላ (የዩኒኮድ ፎንት) አድርጉት፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ካወጣ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ከዛ ሁለት ጊዜ «፡» ተመትቶ አራት ነጥብ የተደረገውን ሁሉ በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ወደ «።» መልሱት፣ ስታይሉ ከዛ በኋላ ይደርሳል።