ሕይወታዊ ሞለኪውሎች፦ ከሐዋሳ ማዕድ የሚታይ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሕይወታዊ ሞለኪውሎች የሕያዋን ነገሮች አካል የተሠራባቸው ውሁዶች ናቸው። ኃይል የሚገኘውም ዘር የሚተላለፈውም በእነሱ ነው። በአራት ትልልቅ ወገኖች ይመደባሉ፤ ካርቦሃይድሬት፣ ሊፒድ፣ ፕሮቲንና ኑክሊክ አሲድ። ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የሚማራቸው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚነበብ ነገር ግን ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ለዚያ ነው። ምሳሌዎቹ በሐዋሳና በዙሪያዋ ከሚበላው የተወሰዱ ናቸው። እንሰት፣ ቅቤና የሐይቅ ዓሣ የሚገናኙባት ከተማ ለዚህ ትምህርት ትመቻለች። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥሬ ዕቃው ብዙ አይደለም። ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ። ዋናው ካርቦን ነው። አንዱ የካርቦን አቶም ከአራት ሌሎች አቶሞች ጋር ስለሚያያዝ ረጅም ሰንሰለትም ቀለበትም ይወጣዋል። ውሃ ከአራቱ ወገኖች አይቆጠርም፤ ግን የአዋቂ ሰው ክብደት 60 በመቶ ገደማ እሱ ነው። ድሮ እነዚህ ውሁዶች ከሕያው አካል ውጭ አይሠሩም ይባል ነበር። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር በ1828 በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ በላቦራቶሪ ሠርቶ ያንን እምነት አናጋው።

ካርቦሃይድሬት

ትንሹ ካርቦሃይድሬት እንደ ግሉኮስ ያለ ቀላል ስኳር ነው። የግሉኮስ ሞለኪውል 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አለው። በደም የሚዞረውና አንጎል በዋናነት የሚመገበው እሱ ነው። ብዙ ግሉኮሶች ሲያያዙ ስታርች ይሆናሉ። ተክሎች ምግባቸውን የሚያከማቹት በዚህ መልክ ነው።

ስታርችን በቅርብ ማየት የፈለገ ሰው እንሰት ሲፋቅ ይመልከት። ሴቶቹ ግንድ መሰሉን ክፍል በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ከመሬት በታች ያለውን አምቾ ደግሞ ይከትፉታል። የተፋቀው ሲጨመቅ ወተት የመሰለ ውሃ ይወርዳል። ውሃው ሲያድር ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ይረጋል። ቡላ ይኸው ነው፤ ውሃው ሲነሳለት የሚቀረው በአብዛኛው ስታርች ነው። ሌላው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። ቆጮው የሚጎመዝዘው፣ ሳይበላሽም ለወራት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሙያ ያለ ማይክሮስኮፕ ለደረሱበት እናቶች ትልቅ ክብር ይገባቸዋል።

ከዚያው ተክል ቃጫ ይወጣል። ቃጫ በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስም እንደ ስታርች የተሠራው ከግሉኮስ ብቻ ነው። ልዩነቱ ግሉኮሶቹ እርስ በርስ የተያያዙበት አቅጣጫ ነው። በምራቅና በቆሽት የሚመረተው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ሞለኪውል) የስታርቹን ማያያዣ ይቆርጣል። የሴሉሎሱን ግን ንክች አያደርገውም። ስለዚህ ቡላውን እንበላለን፣ በቃጫው ገመድ እንሠራለን። ላም ቅጠሉን በልታ የምትፋፋው በሆዷ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሴሉሎሱን ስለሚበትኑላት ነው።

እንሰት ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ የሚተዳደርበት ተክል ነው። ድርቅን ይችላል፣ ሲያስፈልግም ይቆረጣል። ጉድለቱ የፕሮቲን ማነስ ነው። ቆጮ በጎመን፣ በቦሎቄ፣ በአይብ ወይም በሥጋ መበላቱ እንዲሁ የመጣ ልማድ አይደለም። የጎደለውን ይሞላል።

እንስሳት ስታርች አያከማቹም። እነሱ ግላይኮጅን በጉበትና በጡንቻ ያስቀምጣሉ።

ሊፒድ

ስብና ዘይት የሊፒድ ወገን ናቸው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን 4 ብቻ። የሲዳማ ቡርሳሜ በቅቤ የተለወሰ ዋሳ፣ ማለትም ቆጮ፣ ነው። አንዴ የበላው ሰው እስከ ማታ ሳይርበው ቢውልም አይገርምም። ስታርቹ ቶሎ ኃይል ሲሰጥ፣ ስቡ ሆድ ውስጥ ቀስ ይላል።

ለጋ ቅቤ 80 በመቶ ገደማ ስብ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ሲሆን ትንሽ ፕሮቲንም አለበት። ሲቆይ ስቡ ይበተንና ቡቲሪክ አሲድን የመሰሉ ሽታ ያላቸው አሲዶች ይወጣሉ። የበሳል ቅቤ ጠረን ከዚያ ነው። ማንጠር ውሃውንና ፕሮቲኑን ስለሚያስወግድ ንጥር ቅቤ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ቅቤ ለልብ ጎጂ ነው አይደለም የሚለው ክርክር አላለቀም ይባላል። የእንስሳት ስብ ሲበዛ በደም ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል እንደሚጨምር ግን በደንብ የታወቀ ነው። በልኩ ከሆነ ቡርሳሜን የሚያስነቅፍ ነገር አይታየኝም።

የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋንም የተሠራው ፎስፎሊፒድ ከተባሉ፣ አንዱ ጫፋቸው ውሃን ወዳጅ ሌላው ውሃን ሸሽ ከሆኑ ሞለኪውሎች ነው።

ፕሮቲን

ፕሮቲን የሥራ ሞለኪውል ነው። ይሸከማል፣ ይቆርጣል፣ ይከላከላል፣ ያንቀሳቅሳል። የሚሠራው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። ከእነዚህ 9ኙን የአዋቂ ሰው አካል መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ነው። በቆሎ ላይሲን የተባለው ያንሰዋል። ቦሎቄ ደግሞ ላይሲን ሞልቶታል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያቀርብ ቤት ሳያውቀው ትልቅ ነገር እየሠራ ነው።

ከእህሉ ይልቅ የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ የተሟላ ነው። ከ100 ግራም ጥሬ የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ገደማው ፕሮቲን ነው፣ ዘጠኙም አሚኖ አሲዶች ይገኙበታል። አሞራ ገደል ወደሚባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ጠዋት የሄደ ሰው ዓሣ አጥማጆቹ ሲበልቱና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊውን ሲጠብቁ ያያል። የተበለተው ሥጋ ያብረቀርቃል፣ ብርሃን በከፊል ያሳልፋል። መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ከታች ወደ ላይ ነጭ እየሆነ ይወጣል። በዚያች ደቂቃ ማዮሲን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን ቅርጹን እያጣ ነው። የፕሮቲን ሰንሰለት በራሱ ላይ ተጣጥፎ ነው የሚቀመጠው፤ ሙቀት እጥፋቱን ይፈታዋል። የተፈቱት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ይያያዙና ሥጋው ይጠጥራል። የዓሣ ጡንቻ እንደ በሬ ጡንቻ በጠንካራ ኮላጅን የተጠላለፈ አይደለም። ለብለቡ ቶሎ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ሎሚም በአሲዱ ተመሳሳይ ለውጥ ያመጣል፤ ነገር ግን ጥገኛ ትላትሎችን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚወድ ሰው ይህን ይወቅ።

ኢንዛይሞችም በአብዛኛው ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑን ጄምስ ሰምነር በ1926 አሳየ፤ መጀመሪያ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። በደም ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን አራት ሰንሰለትና አራት የብረት አቶሞች አሉት። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው ያሉት። የእነሱን ቅደም ተከተል ያነበበው ፍሬድሪክ ሳንገር በ1958 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ኑክሊክ አሲድ

በ1869 ፍሪድሪክ ሚሸር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ከሆስፒታል በመጣ የቁስል ፋሻ ላይ ካለ መግል አንድ ፎስፈረስ የበዛበት ነገር ለየ። ዛሬ ዲ.ኤን.ኤ. የምንለው እሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ግን የዘር መልእክት ተሸካሚው ፕሮቲን ነው ተብሎ ይገመት ነበር። ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ በ1944 በባክቴሪያ ሙከራ ዲ.ኤን.ኤ. መሆኑን አሳዩ። በ1953 ዋትሰንና ክሪክ ጥምዝ ድርብ መሰላሉን ይፋ አደረጉ። ያለ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ሥራ በዚያ ፍጥነት ባልደረሱበት ነበር፤ የ1962ቱ ኖቤል ሲሰጥ ግን እሷ ከሞተች አራት ዓመት አልፏት ነበር። ከሥራዋ የወጣውን የኤክስሬይ ፎቶ ዋትሰን እሷ ሳታውቅ ማየቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የሚገባትን ክብር በጊዜው አላገኘችም።

መልእክቱ በአራት ፊደላት ይጻፋል፤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን። የሰው ሙሉ ጽሑፍ 3 ቢሊዮን ጥንድ ፊደላት ገደማ ነው። ሌላው ኑክሊክ አሲድ፣ አር.ኤን.ኤ.፣ መልእክቱን ገልብጦ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ያደርሳል።

እንሰት እዚህም ላይ ያስተምራል። ገበሬው እንሰትን በዘር ሳይሆን በአምቾ ያባዛል። ያልጎለመሰ ተክል ይቆረጥና መሐል ቡቃያው ይወጣለታል፣ ተመልሶም ይቀበራል። ከዙሪያው ብዙ ችግኞች ያቆጠቁጣሉ። ሁሉም የእናታቸውን ዲ.ኤን.ኤ. ይዘዋል ማለት ይቻላል። ጣዕሙ የተወደደ ዝርያ ሳይለወጥ የሚቆየው እንዲህ ነው። ጦሱ ግን አንዱን የገደለ በሽታ የቀሩትንም የሚፈራቸው አለመሆኑ ነው።

የእንሰት አጠውልግ የተባለውን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 በጽሑፍ አሳወቁ። የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1976 ተቋቁሞ፣ በ2000 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2006 ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንሰት ከምሁራኑ የምርምር ጉዳዮች አንዱ ነው፤ ከተማችን በዚህ ብትኮራ ያምርባታል። በሽታውን ሙሉ በሙሉ የሚቋቋም ዝርያ እስካሁን በገበሬው እጅ የለም። ባክቴሪያው ከተክል ወደ ተክል ከሚሸጋገርባቸው መንገዶች አንዱ የመቁረጫ ቢላዋ ነው። ስለዚህ አንዱን እንሰት ቆርጦ ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት ስለቱን በእሳት መለብለብ ይመከራል። ሙቀቱ የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች እጥፋት ይፈታዋል።