የባህር ፈንጂ የሚፈልገው ሮቦት ራሱ ያፈነዳል እንዴ?

የጅቡቲና የቀይ ባህር ወሬ በተነሳ ቁጥር እዚህ ድሬ አንድ ክርክር አይቀርም። «ሮቦቱን ውሃ ውስጥ ይለቁታል፣ ፈንጂውን አግኝቶ ያፈነዳዋል፣ አለቀ» ይባላል። እንደዛ አይደለም፤ ዕቃችን በዚያ ውሃ ስለሚመጣ ደግሞ በደንብ ብናውቀው ጥሩ ነው።

መፈለግ ሌላ፣ ማጥፋት ሌላ ስራ ነው። ፈላጊው ሮቦት ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ የሚተኮስ ረዥም ቦምብ) ይመስላል፤ ሬሙስ 100 የሚባለውን ሁለት ሰው ይሸከመዋል። ገበሬ ማሳ እንደሚያርስ በተሰጠው መስመር እየተመላለሰ፣ ግራና ቀኝ ድምፅ እየለቀቀ፣ ከባህሩ ወለል ነጥሮ የሚመለሰውን ይመዘግባል። ጂፒኤስ ውሃ ውስጥ ስለማይሰራ ያለበትን ቦታ ከፍጥነቱና ከአቅጣጫው ራሱ ያሰላል። «በራሱ ይሄዳል» የሚባለው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢራቁ ኡም ቃስር ወደብ ሲጸዳም ሬሙስ የሰራው ፍለጋውን ነው።

አሁን ከተመዘገበው ድምፅ በሚሰራው ምስል ላይ፣ አሸዋ ላይ የተጋደመ ክብ ነገር፣ ከኋላው ረዘም ያለ ጥላ ታየ እንበል። ፈንጂ ሊሆን ይችላል፣ አሮጌ ጎማም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠላቂ ወይም ካሜራ ያለው ሌላ መሳሪያ ሄዶ ያጣራል። ሲፎክስ የተባለው ለምሳሌ በቀጭን ገመድ ከመርከቧ ጋር እንደተያያዘ ይጠጋና፣ ሰው ትእዛዝ ሲሰጠው ከፈንጂው ጋር አብሮ ይፈነዳል።

እስከዚህ ድረስ ያለው እርግጥ ነው። የሚለያየው ምስሉን የመለየቱ ስራ ምን ያህሉ ለኮምፒውተር እንደሚተው፣ እና የሚወስደው ጊዜ ነው። ንጹህ አሸዋ ላይ ፍለጋው ይፈጥናል፤ ድንጋያማ ቦታ ላይ፣ ወይም ፈንጂው ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ ግን በጣም ይጓተታል።