የዊልቸር ተጠቃሚዎች የደም ግፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዊልቸር የሚጠቀም ሁሉ የደም ግፊቱ ይዋዥቃል»

ወሳኙ ህብለ ሰረሰር የተጎዳበት ቦታ እንጂ ወንበሩ አይደለም። ጉዳቱ በ6ኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አንጎል የሆድና የእግር ደም ስሮችን የሚያዝዝበት መስመር ይቋረጣል። እግሩ ተቆርጦ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ይህ ችግር የለበትም።

«130 በ85 ደህና ቁጥር ነው»

ጉዳታቸው ከፍ ያለ ሰዎች የላይኛው ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 110 ነው። ወትሮ 95 ለሆነ ሰው 130 የአደጋ ምልክት ነው፤ ከወትሮው በ20 ወይም ከዚያ በላይ ካሻቀበ አውቶኖሚክ ዲስሬፍሌክሲያ (ከጉዳቱ በታች ባለ መንስኤ ግፊት በድንገት የሚያሻቅብበት አደገኛ ሁኔታ) ይጠረጠራል። ስለዚህ ደህና በሆኑበት ቀን ተለክታችሁ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። እናንተን የማያውቅ ሐኪም ሌላ ማነጻጸሪያ የለውም።

«ራሱን ካመመው አጋድሙት»

ይህ ስህተት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የሞላ ፊኛ፣ የደረቀ ሰገራ ወይም ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር ከጉዳቱ በታች ያሉትን ደም ስሮች ያጠብባል፤ አንጎል «በቃ» ቢልም ትእዛዙ አይደርስም። ውጤቱም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ከጉዳቱ በላይ ማላብና መቅላት፣ የአፍንጫ መታፈን፣ አንዳንዴም የልብ ምት መዝገም ነው። ማጋደም ግፊቱን ያባብሰዋል።

ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሮቹን ወደ ታች አውርዱ። ቀበቶ፣ የሆድ መቀነት፣ ጫማና የሽንት ከረጢት ማሰሪያ ይላላ። ግፊቱን በየ2 እስከ 5 ደቂቃ ለኩ። ብዙውን ጊዜ መንስኤው ፊኛ ስለሆነ ካቴተሩ (የሽንት ማውጫ ቱቦው) ታጥፎ ወይም ከረጢቱ ሞልቶ እንደሆነ እዩ። ከተደፈነ የሰውነት ሙቀት ባለው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የሕክምና ጨዋማ ውሃ) በዝግታ ይታጠብ፤ ካልፈሰሰ ይቀየር። ፊኛን በእጅ መጫን ግን ግፊቱን ይጨምረዋል። ካቴተር ያልገባለት ከሆነ ሊዶኬይን ጄል (ማደንዘዣ ቅባት) ገብቶ 2 ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ካቴተር ይገባለታል። ሽንት ወጥቶም ግፊቱ ካልወረደ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የላይኛው ቁጥር 150 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሰገራን ከመመርመር በፊት ሐኪም ፈጥኖ የሚሠራ ግፊት ማውረጃ ይሰጣል። ባለፉት 24 ሰዓታት ሲልዴናፊል (ለብልት መቆም ችግር የሚወሰድ መድኃኒት) የወሰደ ሰው ይህን ይናገር፤ ናይትሬት የተባለው ግፊት ማውረጃ አይሰጠውም። ከረገበም በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት ይከታተሉት።

«ስሜት ስለሌለው ቁስሉ አያስቸግረውም»

አይታወቀው እንጂ ከታች ያለው ነርቭ መልእክት መላኩን አላቆመም፤ ስለዚህ ቁስሉም ግፊቱን ሊያሻቅብ ይችላል።

«ሲያዞረውም ቀና ይበል»

እዚህ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከአልጋ በተነሳ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሉ፣ እግሮቹን ከፍ አድርጉ። የሆድ መቀነቱ ሰውየው ሳይነሳ ይታሰር፤ የአልጋው ራስጌም ደረጃ በደረጃ ይነሳ። ግፊቱ ከፍ ብሎ ይሁን ዝቅ ብሎ ካልለያችሁ መጀመሪያ ለኩ።

«መሣሪያው አይሳሳትም»

ወንበር በመግፋት የደነደነ ክንድ ላይ ጠባብ የመለኪያ መጠቅለያ ከታሰረ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ፊኛ ባዶ ሆኖ፣ ከመግፋት 5 ደቂቃ አርፎ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አስደግፎ መለካት ነው።