«አልተገለለም» ማለት «አባት ነው» ማለት ነውን?

በጎጃም የወል ግጦሽ ላይ የብዙ ገበሬዎች ኮርማዎች አብረው ስለሚሰማሩ፣ የጥጃው እናት ብትታወቅም አባቱ ብዙ ጊዜ በግምት ይነገራል፤ በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀለች ላምም ሳትይዝ ቀርታ በኋላ ሜዳ ላይ በኮርማ ልትጠቃ ትችላለች። ይህን ለመለየት የሚደረገው የዲኤንኤ ምርመራ ከጅራት ከነሥሩ የተነቀለ ጸጉር ይበቃዋል፤ ግራ የሚያጋባው ውጤቱ «አባት ነው» በማለት ፋንታ «አልተገለለም» (ማለትም «አባት ሊሆን አይችልም» አልተባለም) ማለቱ ነው።

ጥጃ በእያንዳንዱ የዲኤንኤ አመልካች (ከከብት ከብት የሚለያይ የዲኤንኤ ክፍል) ላይ ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳል። ለምሳሌ የጥጃው ቅጂዎች (በርዝመታቸው በቁጥር ሲገለጹ) 118 እና 124፣ የእናቱ 118 እና 120 ቢሆኑ፣ 124 ከአባት መጥቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ 120 እና 126 የያዘ ኮርማ አይገጥምም። 124 የያዘ ኮርማ ሁሉ ግን ስለሚገጥም፣ በአንድ አመልካች መግጠም ብቻውን የሚያስረዳው ጥቂት ነው። አንድ አለመግጠምም ከሚውቴሽን (በዲኤንኤ ላይ ከሚደርስ ድንገተኛ ለውጥ) ወይም ከንባብ ስሕተት ሊመጣ ስለሚችል፣ ፍርዱ በብዙ አመልካቾች ድምር ይሰጣል። ተጠርጣሪዎቹ ኮርማዎች ወንድማማቾች ከሆኑ (በአንድ መንደር መንጋ ይህ ብርቅ አይደለም) ተጨማሪ አመልካቾች ያስፈልጋሉ፤ የእናቲቱ ናሙና አብሮ ሲላክም ውጤቱ ይጠራል።